የእትዬ አስካለ አምፕሊፋየር

በቀደም ኮምቦልቻ ላይ ስልኬ አልሞላ ብሎኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ወጣት የጋለውን የብየዳ ካውያ ሙጫው ላይ ነካ ሲያደርገው ነጭ ጭስ ሽው ብሎ ተነሣ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እትዬ፣ ጭሱ ዓይንዎን አቃጠለዎት እንዴ? በሩን ልክፈተው?» አለኝ።

«አይ፣ ተወው። የአባቴ ሱቅ ሽታ ነው» አልኩት።

ብዙ ዓመት ያደግሁበትን ሸዋ ሮቢትን ሳስብ ወንዙ፣ ማንጎው፣ ወባው ነበር የሚመጣልኝ። ያን ቀን የመጣብኝ ግን አንድ በጋ ነው፤ የእትዬ አስካለ ሳጥን ወደ አባቴ ሱቅ የመጣበት በጋ።

አባቴን ከተማው የሚያውቀው «ሰይድ ሬዲዮ» በሚል ስም ነው። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው። የቆላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያልዋለ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ አያውቅም። ከረፋዱ በኋላ ጣሪያው መንጣጣት ይጀምራል፤ አባ ሸሚዙን አውልቆ፣ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በካናቴራ ይሠራል። ከጎኑ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ተደርድረው መኪናቸውን ያንቀጫቅጫሉ፤ ከፊት ለፊቱ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች አቧራውን እየቀሰቀሱ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ።

ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አርመን ዘንድ ተቀጥሮ ነው። ስለዚህ እኛ አምፖል የምንለውን፣ በድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የሚበራውን የመስተዋት ብልቃጥ፣ እሱ በአርመኑ አጠራር ቫልቮላ ይለዋል። አርመኑ አገር ለቆ ሲሄድ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ለአባ ትቶለት ነበር። ሬዲዮኑ ቤታችን ውስጥ ከማንም ሰው የበለጠ ክብር ነበረው፤ እማ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና አስቀምጣዋለች፤ ረመዳን ሲገባ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የቁርዓን ቂርኣት የምትሰማው በእሱ ነው። ዓረብኛ አትችልም። ግን አንዳንዴ ጉንጯን የሬዲዮኑ እንጨት ላይ አስጠግታ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ደስ ብሎኝ ነው» ትለኛለች።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ አሥረኛን ጨርሶ ከአባ ጋር ሱቅ ይውላል። እንድሪስ ጆሮ ነበረው። አባ ሬዲዮ ከፍቶ ብልሽቱን በመለኪያ ሲፈልግ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይሰማና «ከኋላ ያለው ነው አባ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ያለው ይሆናል። ያን ቀን ሻይ ሲመጣ አባ መጀመሪያ ለእሱ ነው የሚቀዳው።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ በጋሪ የተጫነ የብረት ሳጥን አስከትለው መጡ። እትዬ አስካለ ከአስፋልቱ ማዶ ሆቴል የነበራቸው፣ ድምፃቸው ከሆቴላቸው የሚተልቅ ሴት ናቸው።

«ሰይዶ፣ ሟቹ ባለቤቴ አስመራ ሲመላለስ ያመጣው ነው። ዶሮ ሲፈለፈልበት ከረመ። ሹፌሮቹ ሙዚቃ የለሽም እያሉ አጣዬ ሄደው እያደሩብኝ ነው። አስነሣልኝ» አሉ።

አባ የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። ከውስጡ የአይጥ ጎጆ፣ የማሽላ ገለባና የዶሮ ላባ ወጣ። ከገለባው ሥር ግን ቫልቮላዎቹ በሰልፍ ቆመው ነበር፤ አቧራ ለብሰዋል እንጂ አንዱም አልተሰበረም። አባ እርጥብ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። «ሱብሃነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «አምፕሊፋየር ነው፤ ድምፅ የሚያጎላ። እንዲህ ያለ ከአርመኑ ቤት ወዲህ አላየሁም።»

ሥራው ሳምንታት ፈጀ። ዝገቱን በጨርቅ፣ ቀጫጭኑን ቦታ በዶሮ ላባ ጠረጉት። የቫልቮላዎቹን እግሮች ለማጽዳት አልኮል ያስፈልግ ስለነበር እትዬ አስካለ አረቄ ላኩ። አባ ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ለብረት ነው፣ ለአፍ አይደለም። አላህ ልብን ያያል» ብሎ ለሚያልፍ ሙስሊም ሁሉ ያስረዳ ነበር፤ ልብስ ሰፊዎቹም በሳቅ ይሞታሉ። አባ አንጀታቸው ፈስሶ የደረቁትን ኮንደንሰሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ጣሳዎች፣ እየነቀለ ከሞቱ ሬዲዮኖች ባወጣቸው ተካ። ካውያው ሙጫውን ሲነካ ነጩ ጭስ ይነሣል። ያንን ጭስ እየሳብኩ ከጠረጴዛው ሥር እቀመጣለሁ፤ ከእጅ የወደቀች ብሎን ማግኘት የእኔ ሥራ ነበር።

«ይቺኛዋ ደክማለች» ይላል አባ፣ አንዷን ቫልቮላ አውጥቶ ለብቻዋ እያስቀመጠ። እኔም ድካም እንደ ሰው ድካም መስሎኝ፣ የደከሙትን ሰብስቤ በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያው ጥግ አስተኛቸዋለሁ፤ ተኝተው ሲነሡ ይሠራሉ ብዬ። እንድሪስ አንድ ቀን ከነጨርቃቸው አገኛቸውና፣ «አባ፣ ለቫልቮላ ሞግዚት ቀጥረናል እኮ!» ብሎ ለሳምንት ሳቀብኝ።

ሳጥኑ የተነሣ ቀን አባ መብራቱን በአንድ ጊዜ አልለቀቀበትም። ከተራ የቤት አምፖል ጋር አያይዞ፣ ኃይሉ በትንሽ በትንሹ እንዲገባ አደረገ። እንድሪስ ቸኩሎ «ልቀቀው አባ» ሲለው፣ «ብዙ ዘመን የተኛን ነገር በድንገት ከቀሰቀስከው ይሞታል። እስር ቤት የከረመ ሰው ሲወጣ ጥሬ ሥጋ ይሰጡታል?» አለው። ከዚያ ቫልቮላዎቹ ከሥራቸው ጀምረው እንደ ፍም ቀሉ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። ከድምፅ ማጉያው እንደ ንብ ያለ ነገር ተሰማ፤ እንድሪስ አንዲት ሽቦ ጠምዘዝ ሲያደርግ ንቡ ጠፋ፤ ከሱቁ ሬዲዮ ያያያዙት ሙዚቃ ገባ። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ የእትዬ አስካለ ሆቴል በር ላይ የጭነት መኪና መቆሚያ ጠፋ። እንድሪስ ማይክራፎኑን ይይዝና እንደ አውቶቡስ ረዳት «ደሴ ደሴ ደሴ! ሁለት ሰው የቀረው ደሴ!» እያለ ሲጮኽ፣ እውነት የመሰላቸው የአገር ቤት ሰዎች እቃቸውን ተሸክመው ይሮጣሉ። እማ ወሬው ሲደርሳት፣ «የሰው ልጅ ላይ አትቀልድ፣ ሐራም ነው» እያለች ፊቷን ዞር አድርጋ ትስቃለች።

ይህ ሁሉ አንድ ወር ቢሆን ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ታደሰ የሚባል ሰው ነበር። ወጣት ነው፤ ልጅ ሳለ የእናቱን ሬዲዮ ለማሠራት በብብቱ ይዞ እየመጣ አባ ሱቅ በር ላይ ይቀመጥ እንደነበር ሰዎች ይናገራሉ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተቃጥሎ ስብሰባ በፊሽካ ሲጠራ ከርሞ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር እትዬ አስካለ ሆቴል ገባና ሳጥኑን ዞሮ አየው።

«ይህ መሣሪያ ለግለሰብ መዝናኛ አይሆንም። ለሰፊው ሕዝብ ይፈለጋል» አለ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ሰፊው ሕዝብ የዶሮ ኩሱን ጠርጓል?» አሉት። ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ዋጠው። ሳጥኑ ግን ተወሰደ። እትዬ አስካለ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ሰፊው ሕዝብ ማለት ልብስ ሰፊዎቹ መስለውኝ ነበር። በማግስቱ በረንዳው ላይ ሄጄ አንዱን ሽማግሌ ሰፊ፣ «ሳጥኑን ለምን ወሰዳችሁት? መቼ ነው የምትመልሱት?» ብዬ ጠየቅኩት። ሽማግሌው ክሩን በጥርሱ እንደያዘ ግራ ቀኙን አየ። «እኛ ምን አለን ልጄ፣ እኛማ መርፌ ነው ያለን» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቁ ያኔ አልገባኝም።

ሳጥኑን ቀበሌው ግቢ የሚተክለው ባለሙያ አባ ሆነ፤ ሌላ ሰው የለማ። ጡሩምባ የሚመስሉ ማጉያዎች ምሰሶ ላይ ተሰቀሉ። ሥራው ሲያልቅ ታደሰ ሱቅ ድረስ መጣና በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ፤ የማየው ጫማውን ብቻ ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ከእንግዲህ የቀበሌው ባለሙያ ነዎት። እንድሪስም ረዳትዎ ነው። መሣሪያው አንድ ቀን እንዳይቆምብን እንጂ ባለሙያ ቤት የሚነካ የለም። ይህን ቃሌን እሰጥዎታለሁ» አለ።

የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነበር። የእንድሪስ እኩዮች አንዳንዱ ማጀቴ አጎቱ ዘንድ፣ አንዳንዱ በረሃ ወርዶ ግመል ጠባቂዎች ዘንድ ተሰውሯል። እማ ስትሰጋ ከርማ ነበር። ያን ቀን ምሳ ላይ፣ «አንተ የእንድሪስ አባት፣ ልጁን ወንድሜ ዘንድ አሊዩ አምባ እንስደደው። እስኪያልፍ እዚያ ይቆይ» አለችው።

«ሰውየው ቃል ሰጥቶኛል።»

«ቃሉን ከየት አምጥቶ ነው የሰጠህ? የራሱ ነው ወይስ የሌላ ሰው?»

«በልጅነቱ አውቀዋለሁ። ደግሞ ሳጥኑን ብቻዬን አልችለውም። ሙቀቱ ይገድለዋል፣ ቀን ሙሉ ሰው ይፈልጋል። እንድሪስ ከሄደ ሳጥኑ ይቆማል፤ ሳጥኑ ከቆመ ቃሉም የለም።»

እማ እንድሪስን አየችው። እንድሪስ፣ «እማ፣ አሊዩ አምባ ሄጄ ምን እሠራለሁ? በርበሬ ልቁጠር?» ብሎ ሳቀ። በዚሁ ቀረ።

ሳጥኑ ጠዋት ዜናና መዝሙር፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ሲጮኽ ይውላል። ቫልቮላ በባሕርዩ ራሱ ይግላል፤ በቆላ ሙቀት ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘግተውታል። ቫልቮላዎቹ አንድ በአንድ መድከም ጀመሩ። እንድሪስ ካርቶን ይዞ ሳጥኑን እንደ ወባ በሽተኛ ሲያራግበው ይውላል። አባ ከሞቱ ሬዲዮኖች ያጠራቀመው መለዋወጫ ሁሉ አለቀ። ረመዳን ሊገባ ሲል ድምፁን የምታወጣዋ ትልቋ ቫልቮላ ተቃጠለች። የዚያ ዓይነት በከተማው ውስጥ የነበረችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በእማ ሬዲዮ ውስጥ።

አባ ጥልፉን ጨርቅ አነሣና ሬዲዮኑን አዙሮ ጀርባውን መፍታት ጀመረ። እማ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ዘንድሮ ቂርኣት የለም ማለት ነው?»

«የልጅሽን ነፍስ የምጠብቀው በዚህ ነው» አላት ቀና ሳይል።

እማ መጥታ የተፈታውን የጀርባ ሳንቃ ከእጁ ተቀበለችውና እስኪጨርስ ይዛለት ቆመች። ያቺን ቫልቮላ እሷም በፈቃዷ ነው የሰጠችው። በኋላ ላይ ሲኮራረፉ ይህ ሁለቱንም የሚያስታርቃቸው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ሳጥኑ የሰው ስም ሲጠራ ሰምቼ አውቃለሁ። በመሠረተ ትምህርት የተመረቁ ሰዎች ስም በእሱ ተጠርቶ ነበር፤ እማም ስሟ ተጠርቶ፣ አፍራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወጥታ የምስክር ወረቀትና ሳሙና ተቀብላ ተመልሳለች። ሕዝቡ ሁሉ አጨብጭቧል። ስለዚህ በእኔ አእምሮ ሳጥኑ ስም ከጠራ ሽልማት አለ ማለት ነው።

በረመዳን አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ቀበሌ ግቢ ተጠራ። እኔ ከሌሎች ልጆች ጋር ከፊት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ሳጥኑ ያለበት ክፍል መስኮት ክፍት ስለነበር እንድሪስ ይታየኛል፤ ከንፈሩ በጾምና በሙቀት ደርቋል፤ በአንድ እጁ ካርቶን ያራግባል፣ በሌላው ቁልፉን ይዞ ድምፁን ያስተካክላል። ያን ቀን ድምፁ እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ታደሰ ስለ እናት አገር ብዙ ተናገረ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመረ። ማን ከማን ተከትሎ እንደተጠራ ረስቼዋለሁ። «እንድሪስ ሰይድ» ሲል ግን ማጉያዎቹ ስሙን እስከ ወንዙ ማዶ ወሰዱት።

እንድሪስ ከቁልፉ ላይ ቀና አለ። ማራገቡን አላቆመም። በመስኮቱ በኩል እኔን ይሁን ከኋላዬ ያለውን ሰው ሲያይ አየሁት። አንድ አብዮት ጠባቂ ከውጭ መጥቶ የክፍሉን በር ገጠም አደረገው።

እኔ አጨበጨብኩ። ከዚያ ተነሥቼ በሕዝቡ መሐል እየተሹለከለክሁ፣ የምሥራቹን ቀድሜ ላደርስ ሮጥኩ። እማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለማፍጠሪያ ሾርባ ምስር ትለቅማለች፤ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ጩኸት ማጉያውን ውጦባታል።

«እማ! እማ! የእንድሪስ ስም ተጠራ!»

«ማን ጠራው?»

«ሳጥኑ!»

ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ምስሩ ደጃፉ ላይ ተበተነ። እማ ሻሿን እንኳ ሳትይዝ ፀጉሯን ገልጣ አስፋልቱን ተሻገረች። እናቴን ራሷን ሳትሸፍን መንገድ ላይ አይቻት አላውቅም ነበር። ያኔ ነው ሽልማት እንዳልሆነ የገባኝ።

ቀበሌው በር ላይ አባ ቀድሟት ደርሶ ነበር።

«ታደሰ» አለው አባ። ጓድም፣ ሊቀመንበርም አላለውም። «ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

«ጓድ ሰይድ፣ ኮታ ነው። ከላይ የመጣ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተ ነህ የጠራኸው! በእኔ ሳጥን፣ በእሱ እጅ!»

«ሳጥኑ የሕዝብ ነው። አንተም ረጋ ብለህ ተናገር። ሰው እየሰማ ነው።»

እኔ ኮታ ከላይ፣ ከአዲስ አበባ፣ የመጣ ሰው መሰለኝ። ለብዙ ቀን ትምህርት ቤት ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት ወፍራም ሰው ባየሁ ቁጥር ኮታ እሱ ነው እያልኩ እረግመው ነበር። የታደሰን ታናሽ ወንድም ኮታ አላገኘውም። እሱ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ለትምህርት ሄደ።

የተመረጡትን ልጆች እስኪሄዱ ድረስ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ዘጉባቸው። እኛ ቤታችን ዋልን። የሄዱ ዕለት መኪኖቹ አስፋልቱ ዳር ተሰለፉ፤ ከምሰሶው ላይ የዘመቻ መዝሙር ይጮኻል። ሳጥኑን የሚጠብቅ ስለጠፋ አባን አስገድደው ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡት። እማ የማሽላ ቂጣ በቅቤ ለውሳ፣ በጨርቅ ቋጥራ አመጣች። እንድሪስ ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀበላት። ፀጉሩን ላጭተውት ስለነበር ጆሮው ትልቅ ሆኖ ይታያል። እማ የልብሱን ጫፍ ይዛ የማይሰማ ነገር ታጉተመትማለች፤ ዱዓ እያደረገች ነው።

መኪናው ሲነሣ እንድሪስ ጮኾ የተናገረው ለእኔ ነው። «ለአባ ንገሪው! የመጨረሻዋ ቫልቮላ ከልክ በላይ እየጋለች ነው! ጫጫታዋን እሰማዋለሁ፣ ያሳርፋት!»

ሮጬ ክፍሉ ጋ ደረስኩና በመስኮቱ ነገርኩት። አባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። መኪኖቹ ሲያልፉ የሚታዩት በዚያ መስኮት ብቻ ነበር፤ እሱ ግን አልዞረም። እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ዝቅ አደረገው። ወዲያው ከውጭ አንዱ «ድምፁን! ድምፁን ጨምር!» ብሎ ጮኸበት። ጨመረ።

ዒድ መጣ፤ አዲስ ልብስ አልለበስንም። እማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአባ ቃል አልተነፈሰችም። የምትለውን ለእኔ ትላለች። «ለአባትሽ ምሳው ቀርቧል በይው።» አባ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማታል፤ እኔ ግን ደግሜ እነግረዋለሁ። የእንድሪስ አባት ብላ መጥራትም ተወች። መከራከሪያ ነበረው፤ ሳንቃውን ይዛለት መቆሟን ሊያስታውሳት ይችል ነበር። አንድም ቀን አላነሣውም። ሰግዶ፣ ቀበሌ ሄዶ፣ ሳጥኑን አይቶ ይመለሳል።

ሰኔ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሰሜን መጣና መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ኃይሉ በድንገት ጨመረ። ከቀበሌው ክፍል ጭስ ወጣ። ሳጥኑ ዝም አለ። ታደሰ ሰው ልኮ አባን አስጠራው፤ አባ ክዳኑን ከፍቶ አየና፣ «አከተመ። ቫልቮላዋ ሄዳለች፣ የምተካበት የለኝም» አለ።

«ከአዲስ አበባ አይገኝም?»

«ፈልጉ» አለ አባ። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ያኔ ከተማው ጸጥ አለ። ለካ ሸዋ ሮቢት ከአስፋልቱ ጫጫታ በስተጀርባ የዋኖስ ድምፅ ነበረው። አባ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጸጥታውን ሲሰማ አየሁት። ፊቱ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር፤ በዚያ ዓመት ያየሁት የመጨረሻው ነው።

ብዙም አልቆየ። አንድ ረፋድ ላይ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ተሰብስበው ሱቁ ደጃፍ መጡ፤ ክርስቲያኖችም፣ ሙስሊሞችም አሉ። ከፊት እትዬ አስካለ ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ከእንድሪስ ጋር ሄዷል።

«ሰይዶ፣ ሳጥኑን አስነሣው» አሉ።

አባ የሰማውን አላመነም። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ይህን ይላሉ?»

«ሳጥኑን እኔም እጠላዋለሁ፤ ቤቴ ያሳደርኩት ዞሮ ልጄን በላው። ግን ከግንባር ደብዳቤ ሲመጣ ስም የሚጠራው በእሱ ነው። ቀበሌው ‹ደብዳቤው ሰሚ ካጣ ወደመጣበት ይመለሳል› እያለ ነው። እኔ ሆቴሌን ጥዬ በየቀኑ በራቸው ላይ ልቁም? እነዚህ እርሻቸውን ትተው ከማዶ ይምጡ? የሞተም ካለ የምንሰማው በእሱ ነው። በል እባክህ።»

«ቫልቮላ የለኝም» አለ አባ። «በአላህ ስም፣ የለኝም።»

የእማን መምጣት ማንም አላየም። የእንጨት ሬዲዮኑን እንደ ሕፃን አቅፋ በሴቶቹ መሐል አለፈችና የአባ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጥልፉ ጨርቅ በላዩ የለም። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለአባ በቀጥታ ተናገረችው።

«የቀረው ሁሉ ከዚህ ይውጣ።»

«ይሄ ከወጣለት በኋላ ሬዲዮ አይደለም» አለ አባ። «መመለሻ የለውም። ትንንሾቹን ቫልቮላዎች በትልቋ ቦታ ለማሠራት ሽቦውንም፣ ትልቁን የመዳብ ጥቅልም ነው የማወጣው።»

«አውጣው አልኩህ።»

አባ ፈታው። ካውያውን አጋለ፣ ሙጫው ጨሰ። ሴቶቹ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ የአርመኑ ሬዲዮ ሆዱ ባዶ እስኪሆን አዩ። አባ የወጣውን በፎጣው ጠቅልሎ ይዞ ቀበሌ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ከምሰሶው ላይ የንቡ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ መዝሙሩ። እናቶቹ ወደ ቤታቸው ተበታተኑ። አባ ላብ አጥምቆት ተመለሰ። እማ ደጃፍ ላይ ነበረች።

«ይሰማል?» አለችው።

«ይሰማል።»

«እዚህ ድረስ?»

«ወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማል።»

እማ ገብታ በርጩማዋን አወጣችና ፊቷን ወደ ቀበሌው አድርጋ ተቀመጠች። አባ ትንሽ ቆሞ አያትና እሱም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።  ያ ክረምት እንዲሁ አለፈ፤ ዝናብ ሲመጣ በርጩማዋን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች እንጂ አትነሣም። ሳጥኑ የእትዬ አስካለን የእህት ልጅ ስም ጠራ፤ ደብዳቤ ነበር። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ የልጅ ልጁን ስም ሰማ፤ ደብዳቤ አልነበረም፤ ድንኳን ተተከለ። እማ በእያንዳንዱ ስም ፊት ትንፋሿን ትይዛለች፣ ስሙ የሌላ ሰው ሲሆን ትለቀዋለች። አባ ደግሞ ቫልቮላዎቹ እንዳይደክሙ ቀን ሙሉ ካርቶን ይዞ ሲያራግብ ይውላል፤ እሱን ማንም አላስገደደውም።

እንድሪስ አልተመለሰም። ሞተም ብሎ የነገረን የለም። ሳጥኑ ስሙን የጠራው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።